የግራው ጠርዝ ለምን ይታጠፋል?

ይህ ጽሑፍ የአንድ አሮጌ ፕሮጀክተር ምስል ጠርዝ ለምን እንደሚታጠፍ ጅማ ውስጥ ለተሰበሰቡ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞችና ኳስና ፊልም ለሚያሳዩ ሰዎች በቃል የተናገርኩት ነው። ወደ ወረቀት ሳመጣው ድግግሞሹን ቀነስኩ። ቀልዱን ግን አልነካሁትም።

እንደምን ዋላችሁ። ከኋላ የቆማችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፣ በርጩማ አለ። ጅማ ላይ በርጩማ ጠፍቶ ሰው ቆመ ከተባለ ለከተማው ነውር ነው።

ጠረጴዛው ላይ ያለውን ማሽን ሁላችሁም እያያችሁት ነው። አራት ሰው ሆነን ነው ያወጣነው። ሦስት ዓይን አለው። አንዱ ቀይ፣ አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ሰማያዊ። ከእያንዳንዱ ዓይን ጀርባ አንድ ትንሽ የቴሌቪዥን ቱቦ ተቀምጧል። እንደ ዛሬዎቹ ፕሮጀክተሮች አምፖል የለውም። ቱቦዎቹ ራሳቸው ያበራሉ፤ ሦስቱ ምስሎች ስክሪኑ ላይ ተደራርበው አንድ ባለ ቀለም ምስል ይወጣል። ሲአርቲ ፕሮጀክተር የሚባለው ይህ ነው።

ባለቤቱም እዚህ አሉ። ስማቸውን አልጠራም፤ ጋሼ ነው የምላቸው። ፈረንጅ አራዳ አካባቢ ግቢያቸው ውስጥ ኳስ ያሳያሉ። ማሽኑን ከዓመታት በፊት ከአንድ መሥሪያ ቤት የንብረት ጨረታ ገዙት። ከሳተላይት ሪሲቨር ጋር ቀጥ አድርገው ሰኩት፣ ሠራ። ለዓመታት ሠራ። ከዚያ ሪሲቨሩ ተቃጠለና የወንድማቸው ልጅ ላፕቶፕ አመጣ። ጣጣው የጀመረው ያን ቀን ነው።

ምስሉ ይመጣል። ቀለሙ ጥሩ ነው። የግራው ጠርዝ ግን እንደ ወረቀት ይታጠፋል። ሁለት ጣት የሚያህል ቦታ ላይ ምስሉ ተገልብጦ በራሱ ላይ ይተኛል። በግራ ክንፍ የሚሮጥ ተጫዋች ከመስመሩ ጋ ሲደርስ ከራሱ ጋር ይጋጫል። ተመልካቹ መጀመሪያ ሳቀ። በሁለተኛው ሳምንት ግን ሌላ ቤት ሄደ።

ጋሼ ጠጋኝ ጠሩ። የመጀመሪያው «ቱቦው አርጅቷል» አለ። ሁለተኛው አንድ ቦርድ አውጥቶ ወሰደ፣ ከሳምንት በኋላ መልሶ አመጣ፣ ሒሳብ ተቀበለ። ጠርዙ እንደታጠፈ ነው። ሦስተኛው ካቻቪቴውን ይዞ የቻለውን ስክሩ ሁሉ አዞረ። ምስሉ ወደ ቀኝ ሄደ፣ ወደ ግራ መጣ፣ ጠበበ፣ ሰፋ። የግራውን ሲያድን የቀኙ ተቆረጠ። ልክ እንደ አጭር ጋቢ፣ ራስ ሲሸፍኑበት እግር ይወጣል። ሦስተኛው ጠጋኝ እኔ ነበርኩ።

ስለዚህ ዛሬ የምናገረው ከሊቅነት አይደለም። ሁለት ቀን ሙሉ ጤነኛ ማሽን ሳክም ነበር። በሽታው ያለው የሚላክለት ሲግናል ሰዓት ላይ ነው፤ ሰዓት የምለው ምስሉ መቼ እንደሚላክና መቼ እንደሚያርፍ ነው።

አሁን ትንሽ ወደ ኋላ እንሂድ። ፍርድ ቤት በር ላይ በጽሕፈት መኪና ማመልከቻ የሚጽፉ ሰዎችን አስታውሱ። ታይፒስቱ ከግራ ወደ ቀኝ ፊደል እየመታ ይሄዳል። መስመሩ ሲያልቅ ቃጭሏ «ቅጭል» ትላለች። በእጁ ወረቀት የያዘውን ሮለር ገፍቶ ወደ መጀመሪያው ይመልሳል፣ በዚያው አንድ መስመር ይወርዳል፣ እንደገና ይጀምራል። ሮለሩ እየተመለሰ ሳለ ፊደል አይመታም።

ቱቦው ውስጥ ያለው የኤሌክትሮን ጨረር የሚሠራው እንዲሁ ነው። ከግራ ወደ ቀኝ አንድ መስመር ይጽፋል። ጠፍቶ ወደ ግራ ይመለሳል። ቀጣዩን መስመር ይጽፋል። ገጹ ሲያልቅ ከታች ወደ ላይ ይወጣል። «አሁን ተመለስ» የሚለው ቃጭል ሲንክ ይባላል። ሁለት ዓይነት ነው፤ አንዱ ለመስመር፣ አንዱ ለገጽ። የመስመር ሲንክ ከጠፋ ምስሉ በሰያፍ ይበጣጠሳል። የገጽ ሲንክ ከጠፋ ምስሉ ወደ ላይ ወይ ወደ ታች ይንከባለላል። ይህን አሮጌ ቴሌቪዥን የነካ ሁሉ ያውቀዋል።

ብዙዎቻችን ያላሰብነው ግን ሮለሩ ለመመለስ ጊዜ ይፈልጋል የሚለውን ነው። ጨረሩን የሚጎትተው የመዳብ ጥቅል ነው፣ የማግኔት ኃይል ነው። በአንድ ጊዜ ከቀኝ ወደ ግራ መዝለል አይችልም። የጋሼ ማሽን ማኑዋል 3 ማይክሮ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል ይላል። ማይክሮ ሰከንድ የሰከንድ ሚሊዮንኛ ነው። እኛ ዓይናችንን ስንጨፍን ስንት መቶ ሺህ ማይክሮ ሰከንድ ያልፋል። ለማሽኑ ግን 3 ማለት 3 ነው።

ቴሌቪዥን አገራችን የገባው በ1957 ዓ.ም. ነው። ፓል በሚባለው በለመድነው የቴሌቪዥን አሠራር ሥዕሉ 625 መስመር አለው፣ በሰከንድ 50 ጊዜ ገጽ ይለወጣል፣ አንድ መስመር 64 ማይክሮ ሰከንድ ይወስዳል። ከዚህ ውስጥ ሥዕል ያለበት 52 ነው። ቀሪው 12 ባዶ ነው፣ ለመመለሻ የተተወ። 12 ማይክሮ ሰከንድ! ታይፒስታችን ሻይ ጠጥቶ ይመለሳል። የጋሼ ሪሲቨር ይልክ የነበረው ይህን ነበር። ለዚህ ነው ለዓመታት ምንም ያልታጠፈው።

ኮምፒውተር ሲመጣ ባዶው ጊዜ አጠረ። የጥንቱ የስክሪን መጠን፣ 640 ነጥብ በ480 መስመር፣ በመስመር 6.36 ማይክሮ ሰከንድ ይተዋል። 1024 በ768 ላይ 4.92 ነው። ሁለቱም ከ3 ይበልጣሉ፣ ችግር የለም። ያኔ የኮምፒውተር ስክሪን ሁሉ ቱቦ ስለነበረ ይህን ጊዜ የሚሰርቅ አልነበረም።

ከዚያ ጠፍጣፋው ስክሪን መጣ። ጠፍጣፋ ስክሪን ጨረር የለውም። የሚመለስ ነገር የለውም። ታዲያ ለምን ባዶ ጊዜ ይባክናል አሉ መሐንዲሶቹ። እውነታቸውን ነው። የተቀነሰ ባዶ ጊዜ ያለው አሠራር አወጡ። ለእነሱ ቁጠባ ነው፣ ለእኛ ማሽን መርዶ ነው።

አሁን የወንድማቸውን ልጅ ላፕቶፕ እንይ። ስክሪኑ 1366 በ768 ነው። ግማሹ የከተማው ላፕቶፕ እንዲህ ነው። ለዚህ መጠን ሁለት የታወቁ የሰዓት አሠራሮች አሉ። በመጀመሪያው ላፕቶፑ በሰከንድ 85.5 ሚሊዮን ነጥብ ይልካል፤ በአንድ መስመር ባዶውን ጨምሮ 1792 ነጥብ አለ። 1366ቱ ሥዕል ነው፣ 426ቱ ባዶ ነው። 426ን ለ85.5 አካፍሉ፣ 4.98 ማይክሮ ሰከንድ ይመጣል። ይበቃል።

በሁለተኛው፣ ባዶው በተቀነሰበት፣ 72 ሚሊዮን ነጥብ ይላካል፣ በመስመር 1500 ነጥብ አለ። ባዶው 134 ብቻ ነው። 134ን ለ72 ስታካፍሉ 1.86 ማይክሮ ሰከንድ ይመጣል።

ማሽኑ 3 ይፈልጋል፣ የተሰጠው 1.86 ነው። ሮለሩ ገና መንገድ ላይ ነው፣ ታይፒስቱ ግን ፊደል መምታት ጀምሯል። ወደ ኋላ እየሄደ ያለ ወረቀት ላይ ከመታህ ፊደሎቹ ተገልብጠው ይሰፍራሉ። የግራው ጠርዝ የሚታጠፈው በዚህ ነው። ቱቦ አላረጀም፣ ቦርድ አልተቃጠለም። ላፕቶፑ ቸኩሏል።

የሚያናድደውን ልንገራችሁ። ሁለቱም አሠራሮች ስክሪኑ ላይ «1366 በ768፣ 60 ኸርዝ» ተብለው ነው የሚጻፉት። የመስመር ፍጥነታቸው እንኳ ሊገጥም ምንም አይቀረው። የመጀመሪያው 47.7 ኪሎ ኸርዝ ነው፣ ማለት በሰከንድ 47.7 ሺህ መስመር፤ ሁለተኛው 48.0። እኔም ያኔ ማኑዋሉን ከፍቼ «እስከ 60 ኪሎ ኸርዝ ይቀበላል» የሚለውን አየሁና ሲግናሉን ነፃ ለቀቅኩት። ፍጥነቱን ጠየቅኩ እንጂ እረፍቱን አልጠየቅኩም።

«ላፕቶፑ ለምን ትክክለኛውን አይመርጥም?» ትሉኝ ይሆናል። ምክንያቱ አለ። ኮምፒውተርን ከስክሪን የሚያገናኘው ተራው የቪጂኤ ኬብል ውስጥ ምስል የማይሸከሙ ሁለት ገመዶች አሉ፤ ፒን 12 እና ፒን 15። በእነሱ በኩል ስክሪኑ ለኮምፒውተሩ «እኔ ይህን እችላለሁ፣ ያንን አልችልም» ይለዋል። የእኛ ማሽን ግን የሚሰካው በአምስት ክብ ቢኤንሲ ጃክ ነው። ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ የመስመር ሲንክ፣ የገጽ ሲንክ። አለቀ። የሚናገርበት አፍ የለውም። ኮምፒውተሩ መልስ ሲያጣ በግምት ይሄዳል።

መድኃኒቱ ምንድነው? ቀላሉ መጠኑን ወደ 1024 በ768 ማውረድ ነው። ባዶ ጊዜው ይበቃል፣ ጠርዙ ይከፈታል። ኳስ ለሚያሳይ ሰው ግን ስፋቱ ያጥርበታል። ሁለተኛው መንገድ ሰዓቱን በእጅ ማስገባት ነው። ዊንዶውስ ላይ አንዳንድ የግራፊክስ ፕሮግራሞች የራስህን መጠን ፍጠር የሚል ቦታ አላቸው። ሊኑክስ ላይ በትእዛዝ ይጻፋል። የሚጻፉትን ቁጥሮች ቦርዱ ላይ አስቀምጫለሁ፣ ቅዷቸው። መጀመሪያ 85.5። ለመስመር 1366፣ 1436፣ 1579፣ 1792። ለገጽ 768፣ 771፣ 774፣ 798። ሁለቱም ሲንክ ፖዘቲቭ።

እነዚህ ቁጥሮች ሲታዩ ያስፈራሉ እንጂ ታሪካቸው አጭር ነው። ሥዕሉ 1366 ላይ ያልቃል። ሲንኩ 1436 ላይ ይጀምራል፣ 1579 ላይ ያበቃል። መስመሩ 1792 ላይ ይዘጋል። ከሲንኩ በፊትና በኋላ ያለውን ባዶ ቦታ ፈረንጆቹ በረንዳ ይሉታል። የፊት በረንዳና የኋላ በረንዳ። ስሙን ስሰማ ወደድኩት። ዝናብ እንደሚበዛበት እንደኛ አገር በረንዳ የሌለው ቤት ምን ይሆናል?

የኋላው በረንዳ ሌላም ሥራ አለው። ማሽኑ «ጥቁር ማለት ይህ ነው» ብሎ ልኩን የሚይዘው እዚያ ላይ ነው። በረንዳው ካጠረ ወይም ማሽኑ በተሳሳተ ቦታ ከለካ ጥቁሩ ይበላሻል። በተለይ ሲንኩ ከአረንጓዴው ጋር ተቀላቅሎ በሚላክበት ጊዜ ማሽኑ የሲንኩን ጉድጓድ ጥቁር መስሎት ይይዛል፣ ስክሪኑ በሙሉ አረንጓዴ ይለብሳል። እንዲህ ሲሆን የአረንጓዴውን ቱቦ አትውቀሱ። መጀመሪያ የሲንክ ምርጫውን እዩ።

አሁን ወደ ቴስተር እንምጣ። ሲግናልን በሥዕል የሚያሳየው ኦስሲሎስኮፕ ያለው እጁን ያንሳ። (ሁለት እጅ ወጣ።) እንግዲህ ለሌሎቻችን። ኸርዝ የሚለካ ቴስተር ካላችሁ ብዙ መንገድ ትሄዳላችሁ። የቪጂኤ ጃክ ላይ ፒን 13 የመስመር ሲንክ ነው፣ ፒን 14 የገጽ ሲንክ፣ ፒን 10 ግራውንድ። አንዱን ጫፍ ግራውንድ ላይ፣ አንዱን 13 ላይ። 48.0 ኪሎ ኸርዝ ካነበባችሁ ያ ላፕቶፕ የቸኮለው ነው። 47.7 ካነበባችሁ ታጋሹ ነው። ጋሼ ቤት ሁለት ቀን ያባከንኩት ይህን የአንድ ደቂቃ ሥራ ሳልሠራ ነው።

ሌላ ዘዴም አለ። ይህችን ማንም አላስተማረኝም፣ ስጨነቅ ያገኘኋት ናት። ቴስተሩን ወደ ዲሲ ቮልት አዙሩና ያንኑ ፒን ለኩ። ሲንኩ ኔጋቲቭ ከሆነ መስመሩ አብዛኛውን ጊዜ ከፍ ብሎ ይቆያል፣ ለአጭር ጊዜ ብቻ ይወርዳል። በ640 በ480 ላይ 4.4 ቮልት አካባቢ ታነባላችሁ። ፖዘቲቭ ከሆነ በተቃራኒው ነው። በ800 በ600 ላይ ግማሽ ቮልት ገደማ ታያላችሁ። ስለ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ መጨነቅ ያስፈለገበት ምክንያት ደግሞ አለ። የድሮ ማሽኖች የሲንኩን አቅጣጫ እንደ መታወቂያ ይጠቀሙበታል። አቅጣጫው ከተቀየረ «ይህ ሌላ እንግዳ ነው» ይላሉ።

ይህ ደግሞ ወደ ሌላ ትልቅ ማደናገሪያ ይወስደናል። ሦስቱ ቱቦዎች ስክሪኑ ላይ እንዲገጥሙ ማስተካከል ሰዓታት የሚፈጅ ሥራ ነው። የሠራው ያውቀዋል፣ አንገት ይቆማል። ስለዚህ ማሽኑ ያስተካከላችሁትን በማስታወሻው ይይዛል። የሚይዘው ግን ለእያንዳንዱ ሲግናል ለየብቻ ነው። የመስመር ፍጥነቱን፣ የገጽ ፍጥነቱን፣ የሲንኩን ዓይነት አይቶ ነው መዝገቡን የሚከፍተው። ሰዓቱን ትንሽ ከቀየራችሁት አዲስ ባዶ መዝገብ ይከፍታል። ያኔ ቀዩ ወዲህ፣ ሰማያዊው ወዲያ ይሄዳል። ባለቤቱ ይጮኻል። «አበላሸኸው!» ይባላል። ምንም አልተበላሸም። የድሮውን ሲግናል መልሱለት፣ የድሮውን መዝገብ ይከፍታል።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ነው። መጀመሪያ ሰዓቱን ጨርሱ፣ ከዚያ ቱቦዎቹን ግጠሙ። ተገላቢጦሽ የሠራ ሰው ሥራውን ሁለቴ ይሠራል። እኔ ሦስቴ ሠርቻለሁ።

ምስሉን መሀል ማድረግም አንድ ወጥመድ አለው። ሁለት መቆጣጠሪያዎች አሉ። አንዱ ጨረሩ የሚጽፍበትን ገጽ በሙሉ ያንቀሳቅሳል። ሌላው፣ ፌዝ የሚባለው፣ ገጹን ሳይነካ ሥዕሉን በገጹ ውስጥ ያንሸራትታል። ብርሃኑን ትንሽ ከፍ አድርጉት፣ ገጹ ግራጫ ሆኖ ይታያችኋል። ሥዕሉ ገጹ ውስጥ መሀል ካልሆነ ፌዙን ንኩ። ገጹን አትግፉ። ገጹ ቱቦው ፊት ላይ ወደ አንድ ወገን ከተገፋ ጠርዙ ላይ ሥዕሉም ትኩረቱም ይበላሻል።

አሁን ስለ ርካሽ አዳፕተሮች ላውራ። አዲሶቹ ላፕቶፖች ቪጂኤ የላቸውም። ከኤችዲኤምአይ ወደ ቪጂኤ የሚቀይር ትንሽ አዳፕተር ይገዛል። ምስሉ ይመጣል፣ ግን ይንቀጠቀጣል ወይም በየደቂቃው ይጠፋል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የሲንኩ ቮልት ነው። የድሮ ማሽን 5 ቮልት ገደማ ይጠብቃል። አዳፕተሩ የሚሰጠው 3.3 ነው፣ ያውም ደካማ። በዚያ ላይ አንዳንድ ማሽን የሲንኩን መግቢያም በ75 ኦም ሬዚስተር ይጭነዋል። የደከመች አህያ ላይ ኩንታል እንደመጨመር ነው። ማሽኑ ላይ ለሲንክ 75 ኦም የሚያጠፋ ማብሪያ ካለ አጥፉትና ሞክሩ። ኬብሉንም አሳጥሩ። ረጅም ኬብል የሲንኩን ሹል ጠርዝ ያድበለብለዋል፣ ማሽኑም ቃጭሉ መቼ እንደጮኸ በትክክል ማወቅ ያቅተዋል።

75 ኦም ካልኩ አይቀር። የሥዕሉ ገመዶች እያንዳንዳቸው ጫፍ ላይ አንድ 75 ኦም ጭነት ይፈልጋሉ። አንድ ብቻ። ሲግናሉ 0.7 ቮልት ነው። ለሁለት ማሽን ለማካፈል በቲ ጃክ ከከፈላችሁት ጭነቱ ሁለት ይሆናል፣ ሲግናሉም ወደ 0.47 ይወርዳል። ምስሉ ይጨልማል። ጭነቱ ጭራሽ ከሌለ ደግሞ በእጥፍ ያበራል፣ ከእያንዳንዱ ተጫዋች በስተቀኝ አንድ ጥላ ይቆማል። ማሽኑን አጥፍታችሁ መግቢያውን በቴስተር ለኩ። 75 አካባቢ ካላነበበ መልሱን አገኛችሁ።

አንድ ምልክት ልስጣችሁ፣ ያዟት። ስክሪኑ ላይ ነጭ ነገር ሲመጣ በዚያው ከፍታ ላይ ምስሉ ወደ ጎን የሚታጠፍ ከሆነ ሲንኩ ተጨፍልቋል ማለት ነው። ይህ በአንድ ገመድ በሚመጣው ቪዲዮ ላይ ነው የሚበዛው። እዚያ ውስጥ ጠቅላላው 1 ቮልት ነው፤ 0.7 ሥዕል፣ 0.3 ሲንክ። የሆነ ቦታ ሲግናሉ ከደከመ ማሽኑ ሲንክ የቱ፣ ጥቁር የቱ እንደሆነ መለየት ያቅተዋል። ነጭ ማሊያ የለበሰ ቡድን ሲጫወት ብቻ የሚታመም ማሽን አይቻለሁ። ባለቤቱ ቡድኑን ነበር የሚረግመው።

የድሮ የሠርግ ካሴት የምታሳዩ ካላችሁ ደግሞ የላይኛው ጠርዝ እንደ ባንዲራ ይውለበለባል። ይህ ከካሴቱ ነው። የቪዲዮ ማጫወቻው ራሶች አንዱ ለሌላው የሚያስረክቡት ገጹ ሊያልቅ ሲል ነው። ርክክቡ ላይ ሰዓቱ ትንሽ ይዛነፋል፣ ማሽኑ እስኪያርመው ድረስ የቀጣዩ ገጽ የላይኛው መስመሮች ይጣመማሉ። ካሴቱን ማጽዳትና ትራኪንጉን፣ ማለትም ራሶቹ ካሴቱን የሚከተሉበትን፣ ማስተካከል ይረዳል። ጨርሶ የሚያድነው ግን ሰዓቱን እንደገና የሚያስተካክል መሣሪያ መሀል ላይ ማስገባት ነው።

ሰዓት መስሎ ሰዓት ያልሆነ አንድ ችግርም አለ። የምስሉ ጎን እንደ እባብ ይጥመለመላል። ላፕቶፑ ባትሪ ካለው ቻርጀሩን ንቀሉት። ቆመ? እንግዲህ የሲግናል ሰዓት አይደለም። ፕሮጀክተሩና ላፕቶፑ ከተለያየ ሶኬት ኃይል ወስደው በኬብሉ ግራውንድ በኩል እየተገናኙ ነው። ሁለቱንም ከአንድ ዲቫይደር ሰኩ። መብራታችን 50 ኸርዝ ነው። የምስሉ ገጽ 60 ከሆነ ጥምልምሉ በፍጥነት ይርገበገባል። ገጹ 50 ከሆነ ግን ቀስ ብሎ ይሳባል። ከፍጥነቱ ብቻ ምንጩን መጠርጠር ትችላላችሁ።

በሽታው ማሽኑ ውስጥ የሚሆንበት ጊዜ የለም አላልኩም። መለያው እንዲህ ነው። ሌላ ምንጭ ስትሰኩ ከጠፋ ከምንጩ ነው። ምንጩ ምንም ሆነ ምን ማሽኑ ሲሞቅ ከመጣ ወይም ሲሞቅ ከጠፋ ከማሽኑ ነው። የተሰነጠቀ ብየዳ ወይም የደረቀ ካፓሲተር ፈልጉ። ጃኮቹንም እዩ። በጅማ እርጥበት የቢኤንሲ ጃክ አረንጓዴ ሻጋታ የሚመስል ዝገት ያወጣል። ብዙ «የሲንክ ችግር» በጨርቅና በአልኮል ተጠርጎ ሲያልቅ አይቻለሁ።

ክዳን ከመክፈታችሁ በፊት ግን አንድ ነገር። ቱቦዎቹ ላይ 30 ሺህ ቮልትና ከዚያ በላይ ይደርሳል። ከጠፋም በኋላ ይቆያል። ልምድ የሌለው ሰው እዚያ ውስጥ እጁን አያስገባ። «ጠስ ጠስ» የሚል ድምፅ ከሰማችሁና ምስሉ ከድምፁ ጋር ከዘለለ ወዲያው አጥፉ። እርጥበትና አቧራ ተገናኝቶ እሳቱ መውጫ አግኝቷል ማለት ነው። ምስሉ ጠቅላላ ወደ አንድ ደማቅ መስመር ከተሰበሰበም እንዲሁ፣ አትመልከቱ፣ አጥፉ። ቱቦውን የሚፈጀው ያ መስመር ነው።

በመጨረሻ ጥያቄ ተጠየቀ። አንድ አባት ከኋላ ተነሥተው «ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትደክም አዲስ ፕሮጀክተር ብትገዙላቸው አይሻልም?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። «አባቴ፣ ይሻላል» አልኩ። «ግን ጋሼ ጨለማውን ይወዱታል።» እውነት ነው። እነዚህ ማሽኖች ጥቁር ሲያሳዩ ጥቁር ነው። የዛሬዎቹ ርካሽ ፕሮጀክተሮች ጥቁር የሚሉት ግራጫ ነው። የሌሊት ትዕይንት ያለበት ፊልም ጋሼ ግቢ ያየ ሰው ይመስክር።

ከዚያ ማሽኑን አበራነው። አስቀድመን ግማሽ ሰዓት አሙቀነው ነበር። የወንድማቸው ልጅ ላፕቶፑን ሰካ፣ ሁሉም የታጠፈውን ጠርዝ አየ። ቴስተሩ 48.0 አለ። ልጁ ከቦርዱ ላይ ያሉትን ቁጥሮች አንድ በአንድ አስገባ። 1579ን 1597 ብሎ ጻፈው፤ ከፊት የተቀመጠች ልጅ አረመችው። ስክሪኑ ጠፋ። እስኪመለስ ድረስ ማንም አልተነፈሰም። ሲመለስ ግራው ጠርዝ ተዘርግቶ ቀጥ ብሏል። ቴስተሩ 47.7።

እንደፈራሁት ማሽኑ አዲስ መዝገብ ከፍቷል። ሰማያዊው አንድ ጣት ያህል ወደ ታች ወርዶ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው አዩት። «ይህስ?» አሉኝ።

«ይህማ የነገ ሥራ ነው ጋሼ» አልኳቸው። ውጭ ዝናቡ ቆርቆሮውን መደብደብ ጀምሮ ስለነበር መልሴን የሰሙት አይመስለኝም። ማሽኑን ወደ ቤት የሚመልሱ አራት ሰዎች መፈለግ ጀመርን።